ለገብስ የወጣው ድንኳን

በሰለች በማለዳ የምትሠራውን ቆጥሮ የአንድ ሰው ሥራ ነው ብሎ የሚያምን የለም። በጎቹን ከጋጣ ታወጣለች፣ እበቱን ትጠርጋለች፣ ላሟን ታልባለች፣ ከምንጭ ሃያ ሊትር ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ ዳገቱን ትወጣለች። ይህ ዱሮም የነበረ ነው። ከነሐሴ ወዲህ ግን የባሏ የጣሰው ሕመም ታከለበት። ደብረ ብርሃን ወስደውት ሐኪሞቹ ልቡ ደክሟል፣ ከባድ ሥራ አይንካ፣ ጨው አይቅመስ ብለው ክኒን በላስቲክ ቋጥረው መለሱት። ከክኒኖቹ አንዷ ውሃ የምታስወጣ ናት፤ እሷን ጠዋት ከዋጠ እስከ እኩለ ቀን አምስቴ ይነሣል፣ አምስቴም በሰለች ከያለችበት እየሮጠች መጥታ ትደግፈዋለች። ለእሱ ያለ ጨው፣ ለራሷ በጨው፣ ሁለት ወጥ ትሠራለች። መሶቡ ሲቀርብ ደግሞ ጣሰው ከእሷ በኩል እንዳያጠቅስ እጁን ስትጠብቅ የራሷ ጉርሻ ይቀዘቅዛል።

«ልጅ አሳድጌ ጨረስኩ ስል ስድሳ ስድስት ዓመት የሞላው ወለድኩ» ትላለች ለጎረቤት፤ ስትናገረውም ትስቃለች። ኑሮዋን የምታማርር ሴት አይደለችም። ሰውየው ክፉ ቃል አያውቅም። አንድ ልጃቸው መቅደስ ደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ ገብታ ራሷን ችላለች። ከአንኮበር በላይ፣ ሸንተረሩ ላይ ያለችው ቤታቸውም ውጪው ምንም ቢበርድ ውስጧ ሙቅ ነው።

ጣሰው በዚያ ሸንተረር በአንድ ነገር ይታወቃል፤ በክምር። ነዶ መደርደር ማንም ይደረድራል፤ ዝናብ የማያስገባ ክምር መከመር ግን እጅ ይጠይቃል። የነዶው ራሱ ወደ ውስጥ፣ እግሩ ወደ ውጪ፣ እግሩም ውሃውን እንዲያፈስ ትንሽ ዘመም ብሎ መቀመጥ አለበት። ይህን ጣሰው ሠላሳ ዓመት ለራሱም ለሰውም ሠርቷል። ዘንድሮ ግን ገብሱን ጎረቤት አጨደለት፣ ጎረቤት ከመረለት። ጣሰው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ «የክምሩ ወገብ ተጣሟል» ብሎ ነበር። የበሽተኛ ነገር ነው ተብሎ ታለፈ።

ኅዳር ሊወጣ ሳምንት ሲቀረው፣ ማንም ዝናብ ባልጠበቀበት ከሰዓት፣ ከቆላው በኩል ነፋስ ተነሣ፤ በረዶ ተከተለው። ግማሽ ሰዓት እንኳ አልቆየም። ሲያባራ ከማድቤቱ ጣሪያ ሦስት ቆርቆሮ ተነሥቶ ባቄላው ማሳ ላይ ወድቋል፤ አንድ ትልቅ ባሕር ዛፍ የበጎቹን ጋጣ ተጭኖታል፤ የገብሱም ክምር አናቱ ተገፎ ነዶው አውድማው ላይ ተበትኗል። በጎቹ ገና ከግጦሽ ስላልገቡ ተረፉ። በሰለች በጎቹን ቆጠረች፣ ባሏን ገብታ አየች፣ ከዚያ ወደ ክምሩ ሄዳ አንድ ነዶ አነሣች፤ ውሃ ያንጠባጥባል። ዛፍም ይነሣል፣ ቆርቆሮም ይመታል። ገብሱ ግን የዓመት ቀለባቸውና የመጪው ዓመት ዘራቸው ነው። የረጠበ ነዶ በሁለት በሦስት ቀን ተሰጥቶ ካልተከመረ እዚያው ይሞቅና ይበቅላል፤ የበቀለ ገብስ ደግሞ ብቅል ይሆናል እንጂ ዘር አይሆንም።

በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ለፋች። ቆርቆሮዎቹን ከባቄላው ውስጥ እየጎተተች አምጥታ ድንጋይ ጫነችባቸው። የባሕር ዛፉን ቅርንጫፍ በገጀራ መለመለች፤ ግንዱን ግን ማንቀሳቀስ አልቻለችም። በየመሐሉ እየሮጠች ባሏን ታስነሣለች፣ ክኒኑን ትሰጣለች፣ ትራሱን ከፍ ታደርጋለች። ከሰዓት ወደ ክምሩ ዞረች። ክምር ላይ መውጣት የወንድ ሥራ ነው ይባላል፤ እሷ ግን ማን ያየኛል ብላ ወጣች። ሁለት ነዶ እንዳስቀመጠች ተንሸራታ ከነዶዎቹ ጋር አውድማው ላይ ተቀመጠች።

ደቦ መጥራት ነበረባት። ደቦ ግን ጠላ ይፈልጋል፣ ምሳ ይፈልጋል፤ በሰለች ደግሞ ከነሐሴ ወዲህ ጋን አላጠነችም። አንድ ጊዜ አጭዶ የከመረላትን ሰው፣ ያውም እያንዳንዱ የራሱ ቤት ተገልጦበት ሳለ፣ በባዶ እጇ ድረሱልኝ ማለት ሞት ሆነባት። ኩራት ነው፤ ግን የዚያ አገር ሴት ኩራቷን ከወሰዱባት ምን ይቀራታል?

ቀና ስትል ጣሰው አንድ እግሩን ጫማ ውስጥ አግብቶ፣ ሌላውን በእጁ ይዞ፣ ግድግዳውን እየተደገፈ ወደ አውድማው ሲመጣ አየችው። ሦስት እርምጃ ተራምዶ ይቆማል፣ አየር ይስባል፣ ደግሞ ሦስት ይራመዳል።

«ወዴት ነው?» አለችው።

«ልውጣና አናቱን ብቻ ላስተካክል። አንድ ሰዓት አይፈጅም።»

«አንተን ቀብሬ ገብሱን ማን ሊበላው ነው?»

ደግፋ አስገባችው፤ ሲተኛ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ይህ ከተበተነው ነዶ በላይ አንጀቷን በላው። ስትወጣ ደመናው ከቆላው በኩል እንደገና ጠቁሯል።

ጣሰው ከመታመሙ በፊትም ከታመመም በኋላ የእድሩ ንብረት ያዥ ነው። ብረት ድስቱ፣ ሳህኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ድንኳኑም ጭምር እነሱ ዕቃ ቤት ነው የሚቀመጠው። በሰለች ብዙ አላሰበችም። ድንኳኑን ከዕቃ ቤቱ ጎትታ አወጣች፤ በረጅም እንጨት እየገፋች ክምሩን አለበሰችው፤ ጠርዙን በድንጋይ ያዘችው። ጠዋት ሰው ሳይነሣ አወርደዋለሁ ብላ ገባች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እንግዲህ ለእንዲህ ያለችው ነው። ቀኑን ሙሉ የለፋ አካል ጎህ ሲቀድ አልነቃ አለ፤ ስትነቃ ፀሐይ ወጥቷል፣ ላሟ ትጮሃለች። ድንኳኑን ረስታ ማለቢያዋን ይዛ ሮጠች።

ከወዲያኛው ሸንተረር እማሆይ ለተጊዮርጊስ ከኪዳን ሲመለሱ ነበር። ዓይናቸው ለሩቅ ደኅና ነው። እነጣሰው ግቢ ሾጠጥ ብሎ የቆመ ድንኳን አዩ፤ ጣሰው መታመሙን ያውቃሉ፤ ሌላ የሚጣራ ነገር አልታያቸውም። ነጠላቸውን አደግድገው «ወይኔ ጣሰው!» እያሉ ቁልቁል ወረዱ። የሰማ ላልሰማ አሰማ። ለደቦ ቢጠራ ጣሪያዬ፣ በረቴ የሚለው ሁሉ ለቀብር ሲሆን ቤቱን ክፍቱን ትቶ ወጣ። ወንዶቹ ለመቃብር ቁፋሮ ዶማና አካፋ፣ መጥረቢያና ገመድ ያዙ። ሴቶቹም ለለቅሶ የሚሆን ንፍሮ ጥደው፣ ካደረው እንጀራ በአገልግል ቋጠሩ።

በሰለች ከላሟ ሥር ቀና ስትል ግቢዋ በሰው ተሞልቷል፤ እማሆይ አንገቷ ላይ ተጠምጥመው ይንሰቀሰቃሉ። ለቅሶ ላይ ማን ሞተ ተብሎ አይጠየቅም፤ አልቅሶ ነው የሚጠየቅ። ስለዚህ በሰለች ማለቢያዋን አስቀምጣ ከሰው ጋር አለቀሰች፤ ከልቧ ነው ያለቀሰችው፤ ምንም ቢሆን የጎረቤት ሰው ነው የሞተው። ማን ይሆን እያለች በልቧ ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ ስትቆጥር እማሆይ ሙሾ አወረዱ፦

«የአገሩን ክምር ሲከምር ኖሮ፣
የራሱን ጥሎት ሄደ ዘንድሮ።»

በሰለች እንባዋ እዚያው ደረቀ። ድንኳኑን አየች፣ ሰዉን አየች፣ ነገሩ ገባት። አፏን ስትከፍት ማንም ከእሷ ሰምቶት የማያውቅ ስድብ ወጣ። ባሌ እቤቱ ተኝቷል፣ ቁርሱን እንኳ አልበላም፣ ማን ነው የገደለብኝ፣ ሟርታችሁን ይዛችሁ ውጡልኝ አለች። ሰዉ ግን ኀዘኑ አእምሮዋን ነክቶታል ብሎ ይብሱን አለቀሰላት። ሁለት ሴቶች ራሷን እንዳትጎዳ እጇን ያዙ።

በዚህ መሐል በሩ ተከፈተ። ጣሰው ጋቢውን ተከናንቦ፣ መቃኑን ይዞ ቆሟል። አንዷ ሴት ጮኻ ወደ ኋላ ስትሸሽ አገልግሏን ጣለች።

«እማሆይ፣ ግጥሙስ ያምራል» አለ ጣሰው፣ ቀስ ብሎ አየር እየሳበ። «ግን ይህን ክምር የከመርኩት እኔ አይደለሁም። ስሜን አታጥፉ።»

ማን ቀድሞ እንደሳቀ አይታወቅም። እማሆይ ለተጊዮርጊስ አማትበው ሲያበቁ መሬት ላይ ቁጭ ብለው እስኪያለቅሱ ሳቁ። በሰለችም እጇን እንደያዟት ሳቀች። ያልሳቁት የእድሩ ዳኛ አቶ ገብረ ጻድቅ ብቻ ናቸው። የእድሩ ድንኳን ለሞተ ሰው እንጂ ለገብስ አይወጣም፣ ይህ በመተዳደሪያው ተጽፏል፣ የፈረመውም ራሱ ጣሰው ነው አሉ። በሰለች አንገቷን ደፍታ ሁሉንም ተናገረች፦ የጋኑን ባዶነት፣ የባሏን በአንድ ጫማ መውጣት፣ ሰው በባዶ እጅ መጥራት ማፈሯን። አቶ ገብረ ጻድቅ እስክትጨርስ ሰሟት። ከዚያ ድንኳኑን ገለጥ አድርገው እጃቸውን ነዶው ውስጥ ከተቱ፤ ሙቀት ጀምሯል።

«በመጀመሪያ ባለመጥራትሽ ነው የምትቀጪው» አሉ። «ሌላውን ኋላ እናየዋለን። አውርዱት ይህን ነገር።»

ቀብር ባለበት ቀን በዚያ አገር እርሻ አይነካም፤ ሰው ሁሉ ቀኑን ለጣሰው ሰጥቶ መጥቷል። ሟቹ አልሞትም ካለ ቀኑ የማን ይሁን? ለመቃብሩ የመጣው መጥረቢያ ባሕር ዛፉን ቆራረጠው፤ አስከሬን ሊያወርድ የመጣው ገመድ ግንዱን ከጋጣው ላይ ጎተተው። ሁለት ሰው ማድቤቱ ላይ ወጥቶ ቆርቆሮውን መታ። ሴቶቹ እርጥቡን ነዶ ፀሐይ ላይ ሰጥተው ያገላብጣሉ። ለጣሰው አግዳሚ ወንበር ወጣለት፤ በሰለች ትራስ ከኋላው አደረገች፤ በእጁ ቀጭን ዘንግ ያዘ። ክምሩን እንደገና ሲጀምሩት ገና ሁለተኛው ዙር ላይ ዘንጉን አነሣና «ፍረስ» አለ። ወጣቶቹ ተያዩ፤ አፈረሱት። ሦስተኛው ዙር ላይ ደግሞ አስፈረሳቸው። አንዱ ከክምሩ ላይ ሆኖ፣ ጋሼ ጣሰው ቢሞቱ ይሻል ነበር ሲል ከሁሉም በላይ የሳቀው ጣሰው ራሱ ነው።

ስልኩ የጠራው ያን ጊዜ ነው። መቅደስ ናት፤ አንድ ምላሰ ቀላል ፋብሪካው ድረስ ደውሎላታል። በሰለች ስልኩን አንሥታ የልጇን ለቅሶ ስትሰማ ወደ ባሏ ሮጠች። ጣሰው ከእጇ ወሰደው።

«አባትሽ ነኝ፤ አለሁ» አለ። «አሁን ክምር ላይ ነን፤ ማታ ደውይ።»

ለምሳ ንፍሮው ቀረበ። ንፍሮው ጨው አልነካውም፤ ጣሰው ከሰው እኩል ከአንድ ሳህን ዘግኖ ሲበላ፣ በሰለች ከነሐሴ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የባሏን እጅ ሳትጠብቅ በላች። ሰው ካልሞተ አይመሰገንም ይባላል፤ ሰዉም አንዴ ለምስጋና አፉን አዘጋጅቶ ስለመጣ ጣሰውን ፊት ለፊት ሲያመሰግነው ዋለ። እሱም ደስ ብሎት ሰማ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ክምሩ አለቀ። ወገቡ ቀጥ ያለ፣ አናቱ ጠበቅ ያለ ክምር ነው። ድንኳኑ ታጥፎ ገባ፤ አቶ ገብረ ጻድቅ ቅጣቱን ለእድሩ ስብሰባ አሳድረው ሄዱ፤ ሰዉም ወደየቤቱ ተበተነ።

ዝናቡ ሲመሽ መጣ። በሰለች ቆርቆሮው ላይ የመጀመሪያው ጠብታ ሲመታ ነጠላዋን ይዛ ተነሣች።

«ቁጭ በይ» አላት ጣሰው። «አይገባም።»

ቁጭ አለች። ዝናቡን አዳመጡ። ያ ሁሉ ሰው ሲያለቅስ ሰምቶ ለምን ወዲያው እንዳልወጣ ጠየቀችው።

«ሲጀምሩ ሌላ ሰው መስሎኝ ነበር» አለ። «ኋላ ሙሾው የእኔ መሆኑ ገባኝ። ቀደም ብሎ ደግሞ አንቺ ስታለቅሺ ሰምቻለሁ። ሌላው ቢዋሽ በሰለች አትዋሽም አልኩና፣ እንግዲህ ሞቼ ይሆናል ብዬ ተኛሁ። በኋላ ያ ስድብሽ መጣ። እንደዚያ የምትቆጪው ላለ ሰው ነው።»

በሰለች መልስ ልትሰጠው አፏን ከፈተች፤ ልቧ ሞልቶ ነበር። ክኒኑን ልስጥህና እነግርሃለሁ አለችው። ግን ክኒኑን ለማምጣት አልተነሣችም፤ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ እንዳስደገፈች እንቅልፍ ወሰዳት። በሕልም ይሁን በውን ጋቢ ትከሻዋ ላይ ሲያርፍ ተሰማት።

ጠዋት ስትነቃ ዝናቡ አቁሟል፤ ክምሩ ውጪ ቆሟል፤ ጋቢው በእሷ ላይ ነው። የማታው ክኒን ከቦታው የለም። ማን አስዋጠህ አለችው ደንግጣ።

«ከሞት የተነሣ ሰው» አለ ጣሰው፣ «ክኒን መዋጥ ያቅተዋል?»