ሁለት ፈረስ በአንድ ቴርሚን

አባቴ ናዝሬት ላይ የጋሪ ፈረስ ዕቃ ይሰፋ ነበር፤ ልጓም፣ ዛብ፣ የደረት ጠፍር። ሴት ልጁ ብሆንም ከትምህርት ቤት ስመለስ ክሩን በሰም እያሸሁ አቀብለው ስለነበር እጄ ሥራውን ያውቀዋል። ፍራንክፈርት፣ ሆኽስት ባቡር ጣቢያ አጠገብ የልብስ ማስተካከያ ሱቅ ስከፍት ግን ይህ ሙያ ያስፈልገኛል ብዬ አላሰብኩም። ሱሪ አሳጥር፣ ዚፕ እቀይር፣ የቦርሳ ማንገቻ እጠግን ነበር። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ኑሮዬ ይኸው ነበር።

አንድ ቀን ሃምሳ ዓመት ገደማ የሆነው ጀርመን የተበጠሰ ጠፍር ይዞ ገባ። እዚያው አቅራቢያ፣ ዚንድሊንገን ሰፈር የሚኖር የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነው። ጠፍሩን ገልብጬ አየሁት። የደረት ጠፍር ነው፤ በማሽን የተሰፋ፣ ለዓይን ብቻ የተሠራ።

"ይህ ፈረስዎን ያቆስለዋል፤ ጠርዙ አልታጠፈም" አልኩት። "ፈረሱን ያምጡትና ልለካው።"

ፊቱ ቀላ። "ፈረሱ እኔ ነኝ" አለ።

መነጽሬን አውልቄ ጠበቅሁ። እሱም እንደ ተማሪ ቆሞ አስረዳኝ። ሰዎች በፈቃዳቸው የሚጫወቱት ጨዋታ ነው፤ ሁሉም አዋቂዎች ናቸው። አንዱ ፈረስ፣ አንዱ ነጂ ይሆናል። ፈረሱ ዕቃ ይጫንበታል፣ ሶምሶማ ይሮጣል፣ ዛቡ ሲሳብ ይቆማል።

"የሚገደድ ሰው አለ?"

"የለም። ከሁለቱ አንዱ የተስማሙበትን ቃል ካለ ወዲያው ይቆማል።"

"እንግዲያው እጅዎን ወደ ላይ ያንሱ" አልኩና ሜትሬን አወጣሁ።

ሲወጣ ለማንም እንዳልናገር ለመነኝ። መለመኑ አናደደኝ። አባቴ የአንዱን ባለጋሪ ፈረስ ቁስል ለሌላው ባለጋሪ ነግሮ አያውቅም። ይህን ሕግ የተማርኩት ወስፌ ከመያዜ በፊት ነው።

ወራት ቆይቶ አንዲት ሴት መጣች። ኦስትኤንድ ነው የምትኖረው፣ ቢሮ ትሠራለች፤ ጎረቤት እንዳያያት ስትል ከተማውን አቋርጣ ነው ሆኽስት የደረሰችው። ከውጭ አገር መጽሔት የተቆረጠ፣ የፈረስ ዕቃ የታጠቀ ሰው ፎቶግራፍ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች።

"ፈረሷ እርስዎ ነዎት?" አልኳት።

"እንዴት አወቁ?"

"ዕቃ እሰፋለሁ" አልኩ። እሷም ለማንም እንዳልናገር አስማለችኝ። ማልኩ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ሁለቱም እየተፈራረቁ አደረቁኝ። አንዴ ዘለበት ላላ ይላሉ፣ አንዴ ቀዳዳ ይጨመር ይላሉ። የሚመጡት ግን ለማማረር ነው። ሰውየው ብጤውን ፍለጋ በመጽሔት ማስታወቂያ አውጥቶ ሦስት ደብዳቤ መጣለት። አንዱ ስድብ ነው። አንዱ ሩቅ፣ ሐምቡርግ ከሚኖር ሰው ነው። ሦስተኛው እውነተኛ ፈረስ ከሚሸጥ ገበሬ ነው።

"በፍራንክፈርት እኔ ብቻ ነኝ" ይላል። "ነጂ እንኳ ባይገኝ፣ አብሮኝ የሚሮጥ አንድ ሰው ቢኖር ይበቃኝ ነበር።"

ይህን ሲል የሴትዮዋ ዕቃ ከጀርባዬ መደርደሪያ ላይ በወረቀት ተጠቅልሎ ተቀምጧል። በሳምንቱ እሷ ትመጣና ያንኑ ትላለች፤ በዚያው ወንበር፣ ከሞላ ጎደል በዚያው ቃል። እኔ ክሬን እጎትታለሁ።

በዚህ ላይ የቤተ ክርስቲያን ወዳጄ አለች። አንድ ቀን ሱቄ ስትገባ የተዘረጋውን ልጓም አየች።

"እትዬ! አንቱ ደግሞ በዚህ ዕድሜዎ ጋሪ ሊነዱ ነው?"

"የሰርከስ ነው" አልኩ። ዋሸሁ።

"የቱ ሰርከስ? ለልጆቼ ትኬት ያስገኙልኛላ!"

እስከ ፋሲካ ድረስ ስለ ትኬቱ ስትጠይቀኝ ከረመች።

አንድ ሰኞ ሰውየው ዕቃውን በሙሉ በከረጢት አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው።

"ይቁረጡት፤ የቦርሳ ማንገቻ ይሥሩልኝ። መፈለግ ትቻለሁ፤ ሞኝ ነበርኩ።"

ጠፍሩን በጣቴ ዳሰስኩት። ጠርዙን በእጄ ያጠፍኩት፣ እንደ አባቴ በሁለት መርፌ የሰፋሁት ነው። ሰውየው ወደ ጠፍሩ አያይም፤ መስኮቱን ነው የሚያየው። መቀሱ አጠገቤ ነበር። አላነሳሁትም።

"ዛሬ አልችልም" አልኩ። "ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ቴርሚን ልስጥዎት።"

እንደወጣ ኦስትኤንድ ለሴትዮዋ ደወልኩ። "ዕቃዎ ደርሷል፤ ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ይምጡ" አልኳት። እኔ ሱቅ ከከፈትኩ ጀምሮ በአንድ ቴርሚን፣ በአንድ ቀጠሮ ሰዓት፣ ሁለት ሰው ጽፌ አላውቅም፤ ጀርመኖቹ የሚያመሰግኑኝ በዚህ ነው። ያን ቀን መዝገቤ ላይ ሁለቱን አንዱን ከሌላው በታች ጻፍኳቸው። ስለ ማንም ምንም አልተናገርኩም። ሰዓት ነው የተሳሳትኩት።

ሐሙስ የሷን ዕቃ ከወረቀት፣ የሱን ከከረጢት አውጥቼ ጎን ለጎን ዘረጋሁ። እሱ መጣ፤ እሷ ተከትላ ገባች። በጎዳና እንደተጋጨ ሰው ይቅርታ ተባባሉ። ከዚያ ጠረጴዛውን አዩ። እሷ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች፤ እሱ ወደ በሩ አንድ እርምጃ አለ።

"ክር አልቆብኛል። ሱቁን ጠብቁልኝ" ብዬ ወጣሁ።

ክር አላለቀብኝም። አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ግማሽ ሰዓት በነፋስ ተገረፍኩ፤ የጉልበቴ ሕመም ለሦስት ቀን አልተወኝም።

ስመለስ እሱ ወለሉ ላይ ባነጠፈው ባዶ ከረጢት ላይ፣ እሷ የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

"ሁለት ዓመት!" አለችኝ እሷ። "ሁለት ዓመት ያውቁ ነበር?"

"አስምለውኛል።"

"እኔም እኮ ማንም እንዳያውቅ ብዬ ለምኜያለሁ" አላት እሱ። ሳቀ። ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር።

"የእርስዎ ላይ ቃጭል አለ" አላት ቀጥሎ። "ለእኔ ቃጭል አልተሠራልኝም።"

"አልጠየቁም" አልኩ።

"ነጂውስ?" አለች እሷ፤ ሁለቱም ዞረው እኔን አዩኝ።

"እኔ ሰፊ ነኝ! ሰፊ!"

ጥቂት ሳምንት አለፈና ጡረታ የወጣ የትራም ሾፌር ይዘው መጡ። ከሰላምታው በፊት ዛቡ አጠረኝ አለ። እሱ ደግሞ ከሁለቱም ይበልጥ ነዝናዛ ሆነ።

ያን ሐሙስ ግን ሰውየው ዕቃውን መልሶ ወደ ከረጢቱ ሲከት አየሁ። ጠፍሮቹን አንድ በአንድ እየጠቀለለ ነው።

"የቦርሳ ማንገቻውስ?" አልኩት።

"የምን ማንገቻ?" አለ፤ ለሴትዮዋም በሩን ከፈተላት።

መዝገቤን አውጥቼ "ቃጭል" ብዬ ጻፍኩ።