እስከ ሥሩ የጋለ ቀለሃ

ልጅቷ ነገ የኢላማ ተኩስ ውድድር አለባት። የተተኮሰውን ቀለሃ መርጦ ባሩድና እርሳስ መልሶ የሚሞላላት አባቷ ነው። ለጠመንጃዋ ልክ የሆነውን ከስንት አንድ ለቅሞ ያገኘዋል። የተሰነጠቀውን ይጥላል። አፉ የጠነከረውን በእሳት ያለሰልሳል፤ ያን ጊዜ ሙቀቱ እንዳይደርስበት ሥሩን ውኃ ውስጥ ያቆመዋል። ሥሩ ከለሰለሰ ጥይቱ ተኳሹ ፊት ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

ሰሞኑን እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ዛሬ ከሐኪም ቤት ሲመለስ ሚስቱ በር ላይ በፈገግታ ጠበቀችው።

«ና እይ፣ ሥራህን ጨረስኩልህ! ደግሞ ሴት አይሆንላትም በል!»

ቀለሃዎቹ ጠረጴዛው ላይ በሰልፍ ቆመዋል። ሁሉም ከአፋቸው እስከ ሥራቸው ቀለማቸው ተለውጧል።

«ውኃውስ?» አላት።

«የምን ውኃ?»

አንዱን አንስቶ ሥሩን በጉጠት ጨመቀው። እጁ እየተንቀጠቀጠ እንኳ ያለ ትግል ተጨፈለቀ። ፈገግታዋ ከፊቷ ጠፋ።

«በረዶ ውስጥ ብንከተውስ? አይጠነክርም?»

«የቀለሃ ናስ በበረዶ አይጠነክርም፣ የኔ እመቤት።»

ሊቆጣ ፈልጎ ነበር፤ ግን ጣቶቿን እሳት ልጧቸው አየና ተወው።

ልጅቷ ጠመንጃዋን አንግታ ገባች። «አባባ፣ ደረሱልኝ? ውይ፣ ሲያምሩ!» ብላ እጇን ዘረጋች።

አባትየው ቀድሟት ቀለሃዎቹን በክንዱ ጠርጎ ከቆሻሻ ባልዲው ከተታቸው።

«ምን ነካህ? ነገ በምን ልተኩስ ነው?»

እናትየው አቀረቀረች። እሱ ጠመንጃውን ከልጅቷ ትከሻ ተቀብሎ ግድግዳው ላይ ሰቀለው።