ለእንግዳዬ ያልተረጎምኩት

አራዳ ውስጥ ሞተር ሳይክል እጠግናለሁ። ራቅ ወዳለ አገር የሚሄዱ እንግዶች ሲገጥሙኝ ደግሞ መካኒክም አስተርጓሚም ሆኜ አብሬ እወጣለሁ።

ያ ልጅ የመጣው ከእስራኤል ነበር። መልኩ የእኛው ነው፤ አማርኛው ግን «ና» እና «ውሃ» ላይ ያበቃል። እናቱ የተወለደችበትን መንደር ማየት ፈልጎ ሞተር ተከራየ፤ እኔ ከኋላው ተፈናጥጬ ወደ መካነ ብርሃን በሚወስደው መንገድ ወጣን። እናቱ የመንደሩን ስምና አያቱ ቀጥቃጭ እንደነበሩ ከመንገር በቀር ስለዚያ አገር አውርታለት አታውቅም።

መንደሩ ልንደርስ ስንል ኮረት አንሸራተተንና ወደቅን። እኛ ተረፍን፤ የማርሹ መርገጫ ግን ታጠፈ። ሳይግል ላቃናው ብል እንደሚሰበር ስላወቅኩ ሞተሩን እየገፋን ገባን። ደጃቸው ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አይተውን ተነሡ።

«አያ፣ ይህን ብረት የሚያግልልን ቀጥቃጭ ይገኛል?» አልኳቸው።

«ነበረን። ሸጋ ቀጥቃጭ ነበረን።»

ገብተው ወናፍና ጉጠት ይዘው ወጡ። ከቤታቸው ጀርባ ጣራ የሌለው የድንጋይ ግድግዳ አለ፤ እዚያ እሳት አነደድን። እንግዳዬ ወናፉን ያዘ። ማንም ሳያሳየው ልኩን አገኘው። ሽማግሌው እጁን እያዩ ብዙ ቆዩ።

«ይህ ግድግዳ የቀጥቃጩ ቤት ነበር» አሉኝ ድንገት። «የበኩር ልጄ ታሞ ሞተብኝ። ቀጥቃጩ ቡዳ ነው፣ እሱ በላው ተባለ። በጠራራ ፀሐይ ቤቱን አቃጠልንበት። ችቦውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሚስቱንና ትንሿን ልጁን ይዞ ሄደ። ዕቃውን መሸጥም መጣልም ፈርቼ ይኸው አለ።»

ትንሿ ልጅ ማን እንደሆነች ገባኝ።

«ምን አሉ?» አለኝ እንግዳዬ በእንግሊዝኛ፣ ፊቱ በላብ ርሶ።

«ቀጥቃጩን ይወዱት ነበር፤ ሲሄድ አገሩ ሁሉ አለቀሰ ይላሉ» አልኩት።

ፈገግ አለ። ሽማግሌው በተራቸው ወደ እኔ ዞሩ።

«ምነው ይህ ልጅ ፊቱ አዲስ አልሆነብኝ? የማን ልጅ ነው?»

«የሩቅ አገር ሰው ነው፣ አያ።»

ብረቱ ግሎ ተቃና፤ መልሼ አሠርኩት። ስንሰናበት ልጁ ጎንበስ ብሎ የሽማግሌውን እጅ ሳመ። አላስቆምኩትም። እሳቸው ግን እጃቸውን እንደተቃጠለ ሰው ሰበሰቡት።

ከወራት በኋላ መልእክት ላከልኝ። «የነገርከኝን ሁሉ ለእናቴ ነገርኳት። እጃቸውን መሳሜንም ነገርኳት። ተነሥታ ክፍሏን ዘጋች። ከዚያ ወዲህ ስለ ጉዞዬ አንድ ቃል አታነሣም። ምን አጥፍቼ ነው?»

መልሱን ስንት ጊዜ ጽፌ አጠፋሁት። እስከ ዛሬ አልላክኩትም። በዚያ መንገድ ሞተር ተበላሽቷል ብለው ሲጠሩኝም ሌላ መካኒክ እልካለሁ።