ሁለተኛው ጥያቄ

ባለፈው ወር የቀበርናቸው አጎቴ ጨንቻ ላይ የጠመንጃ ሰደፍ ይጠርቡ ነበር። የጠመንጃው ባለቤት ጉንጩን እንጨቱ ላይ አሳርፎ ካልተመቸው፣ በዚያው ዋጋ እንደገና ይሞርዱለታል። ለቀስተኛው ሁሉ እጃቸውን አመሰገነ። በሕይወት ሳሉ ዋጋ ሲያስቀንሷቸው የኖሩት እነዚሁ ናቸው።

እኔ አጠገባቸው ስድስት ዓመት ሠርቼ፣ ገቢው አይበቃኝም ብዬ አርባ ምንጭ የመጋዘን ጥበቃ ገባሁ። ልጠይቃቸው ጨንቻ በወጣሁ ቁጥር ሞረዳቸውን ሳያስቀምጡ ሁለት ነገር ይጠይቁኛል።

«ደመወዙ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው፣ ጋሼ።»

«ሥራውስ?»

«በር ላይ መቆም ምን ሥራ አለው?»

«እሱን እኮ ነው የጠየቅኩህ፣ አንተ ሰነፍ» ብለው ይስቃሉ። አንድም ቀን ተመለስ አላሉኝም።

በቀብሩ ማግስት መሥሪያ ክፍላቸው ገባሁ። ሞረዱ ተሰቅሏል፤ አንድ ሰደፍ በጅምር ቀርቷል። አንስቼ ጉንጬን አሳረፍኩበት። ይጎረብጣል። የቱ ጋ መሞረድ እንዳለበት እጄ ያውቀዋል። ግን የጥበቃ ተረኛ ስለነበርኩ መልሼ አስቀምጬው ወደ አርባ ምንጭ ወረድኩ።

በዚህ ወር ደመወዝ ተጨመረልኝ። የሰማ ሁሉ «ስንት ገባልህ?» ይለኛል። እነግረዋለሁ። ከዚያ በኋላ የሚጠይቀኝ ነገር የለውም።