ከሰማንያ ወደ ዜሮ

«ዜሮ በለው» አሉኝ ዛሬ ጠዋት አባ ሞላ፣ የገነተ ማርያሙ ገበሬ። ከሁለት ሳምንት በፊት ለዚሁ ጥያቄ ሰማንያ ብለውኝ ነበር።

«ሳልወድቅ ደረጃ እወርዳለሁ ብለው ከመቶ ስንት ይተማመናሉ?» ይላል ጥያቄው። መጠይቁ ለአረጋውያን የተዘጋጀ ነው። የተጻፈው በቻይንኛ ነው፤ ወደ አማርኛ የምመልሰው እኔ ነኝ። ትርጉሙን ለመፈተን አንዱን ሰው ሁለቴ እንጠይቃለን፤ መልሱ መቀራረብ አለበት።

(በኤሌክትሪክ ስለሚንቀሳቀስ ደረጃ የሚጠይቀውን ለላስታ ገበሬ አላነብም ብዬ ከቢሮው ሁሉ ተጣልቻለሁ።)

«ወደቁ እንዴ?»

«አልወደቅሁም።»

«አመመዎት?»

«ኧረ ደኅና ነኝ! ያኔ ባለቤቴ ነበረቻ። ከዓለት የተፈለፈለውን የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ ስንወርድ ክንዴን የምትይዘው እሷ አይደለች? ቀበርናት እኮ።»

«ታዲያ እሑድ እንዴት ሊሆኑ ነው?»

«ከላይ ሆኜ ተሳልሜ እመለሳለሁ።»

አስተባባሪያችን መልሳቸው ስለተለያየ ቅጹን ከፈተናው አውጣው አለችኝ። አላወጣሁትም። «ደረጃ» በሚለው ቃል ስንት ቀን ስከራከር፣ ማን እንደሚይዛቸው የሚጠይቅ መስመር እንደሌለ አላየሁም። በራሴ መናደድ ነበረብኝ፤ ንዴቱ ግን አልመጣ አለኝ።

በእናንተስ ቤት ማን ማንን ይዞ እንደቆመ የታወቃችሁ አንዱ ከሄደ በኋላ ነው? ንገሩኝ።