የሸረፋ ቀኝ እጅ

ሸረፋ ሰላምታ አይጠግብም። ቡታጅራ ገበያ የሚወጣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ የማያውቀው ቢኖር እንኳ እሱ ያውቀዋል። ጃንሆይ ገና በዙፋናቸው ሳሉ፣ መንገዱ ሲሠራ፣ የእንሴኖ መገንጠያ ላይ ጨርቅ ያዥ ሆኖ ተቀጠረ። በቀኙ ቀይ፣ በግራው አረንጓዴ። ቀዩ ብድግ ሲል መኪናው ይቆማል፣ ገበያተኛው ይሻገራል። አረንጓዴው ሲነሣ መኪናው ያልፋል። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው።

መቼም "አሰላሙ አለይኩም" ተብሎ ዝም አይባልም። ሸረፋ ቀኝ እጁን ያነሣና "ወአለይኩሙ ሰላም! ቤት ደህና? ከብቱ? እንሰቱስ?" ይላል። ቀዩም አብሮ ይነሣል። ሾፌሮች ያጉረመርማሉ፤ ብቻ ማንም አልተጎዳም።

አንድ ቀን የሥራው አለቃ አቶ ገብረወልድ መጡና "ከዛሬ ጀምሮ አረንጓዴው በቀኝ ነው፤ ከአዲስ አበባ ወረቀት መጥቷል" አሉት። እሺ አለ። እሱ ምን ያውቃል?

በማግስቱ አክስቱ ሳሌሃ ቆጮ ተሸክማ መሀል መንገድ ደረሰችና "ሸረፋ፣ እንዴት አደርክ?" አለችው። ቀኝ እጁ ብድግ! ቆሞ የነበረው አውቶቡስም ተነሣ። ሳሌሃ ሸክሟን ጥላ ዘለለች፤ ቆጮው ጎማ ሥር ገባ።

"ሰላም ስላልኩህ ልታስገድለኝ ነው?"

ሸረፋ አለቃው ዘንድ ሄደ። "ጌታዬ፣ ቀዩን ወደ ቀኝ ይመልሱልኝ። ሰው ይሞትብኛል።"

"አንተ ሰላምታውን ተው! የአዲስ አበባ የትራፊክ መብራት ሰላም ይላል እንዴ?"

"አይልም ጌታዬ። ግን መብራት አክስት የለውም።"

"እንግዲያው በግራህ በል!"

በግራ? ለሽማግሌ? ሸረፋ አፈረ። ሁለት ቀን ለሰላምታ አፉንም እጁንም ዘጋ። ገበያተኛው ግን አልማረውም፦ "ደሞዝ በላና ኮራብን!" "ኧረ ተዉት፣ ሹመት ሆኖበት ነው!"

በሦስተኛው ቀን፣ ገበያው ሞልቶ ሳለ፣ የዙሁር ሰዓት ደረሰ። "ጌታዬ፣ ሰግጄ እስክመጣ ይያዙልኝ" አለ። አቶ ገብረወልድ አረንጓዴውን በቀኛቸው፣ ቀዩን በግራቸው ይዘው ቆሙ።

ሰዎቹ መሻገር እንደጀመሩ ቅቤ የተሸከመች አሚኔ የምትባል ሴት "ጌታው፣ እንደምን ዋሉ?" አለቻቸው። አቶ ገብረወልድ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ባርኔጣቸውን ሊያነሡ ቀኝ እጃቸውን ሰደዱ። የቆመው የጭነት መኪና ተንደረደረ። ሾፌሩ ፍሬን ረግጦ አሚኔ ጋ ሊደርስ አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ።

ሸረፋ ሲመለስ አለቃው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ አሚኔ ቆማባቸው ስድቡን ታወርድባቸዋለች። ቀና ሳይሉ ጨርቆቹን ዘረጉለት።

"ቀዩን በቀኝህ ያዝ።"

"ወረቀቱስ ጌታዬ?"

"እሱን ለኔ ተወው። አሁን እቺን ሴትዮ አሻግርልኝ።"