ለካፒቴኑ የተጻፉ ካርዶች

ወይዘሮ ትብለጥ አሜሪካ፣ ክሪስታል ሲቲ አንድ ሆቴል ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት አልጋ ሲያነጥፉ ኖረው ጡረታ የወጡ የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ ናቸው። ባለፈው ሰመር የቤተ ክርስቲያናቸው እናቶች ከባልቲሞር በሚነሳ መርከብ ለሳምንት ሽርሽር ሲወጡ እሳቸውም አብረው ሄዱ።

ገና ክፍላቸው ሲገቡ ትራሱ ላይ አንዲት አረንጓዴ ካርድ አገኙ። «ባሕሩን እንውደድ። ፎጣዎን ደግመው ይጠቀሙ። ክፍልዎ በቀን አንዴ ብቻ ይጸዳል» ትላለች። ሳቃቸው አመለጣቸው።

«እትዬ ትብለጥ፣ ምን ያስቅዎታል?» አለቻቸው አብራቸው የምታድረው ውብነሽ።

«ይቺን ካርድማ አውቃታለሁ። እኛ ሆቴል ስትመጣ ስለ ዛፍ ነበር የምታወራው። በወሩ የአሥራ አንድ ሴቶች የሥራ ሰዓት ተቆረጠ።»

ያበገናቸው ግን የሦስተኛው ቀን ነገር ነው። ክፍላቸውን የሚያጸዳው ጎልማሳ ፊሊፒናዊ ሮሜል፣ ድሮ ሁለት ሆነው ይይዙት የነበረውን ኮሪደር አሁን ብቻውን እንደሚያጸዳ ነገራቸው። ወደ ላይ ቢወጡ ደግሞ ጭስ ማውጫው ጥቁር ጭሱን ይተፋዋል፤ ማንም ያልገባበት የሙቅ ውሃ ገንዳ ይንተከተካል፤ ግድግዳ የሚያህለው ስክሪን በጠራራ ፀሐይ ለባዶ ወንበሮች ማስታወቂያ ያሳያል።

ወይዘሮ ትብለጥ ከልጆች መጫወቻ ክፍል አረንጓዴ ወረቀትና ማርከር ለምነው መጡ። ውብነሽ እንግሊዝኛውን እያቃናችላቸው ሲጽፉ ዋሉ። «ውድ ካፒቴን፣ ባሕሩን እንውደድ። ስክሪኑን ያጥፉት።» «ውድ ካፒቴን፣ ባሕሩን እንውደድ። ገንዳው ይቀዝቅዝ፤ እኛ እንለምደዋለን።» በማግስቱ ቁርስ ሰዓት ስምንት እናቶች መዝሙር እያንጎራጎሩ መርከቡን ዞረው ካርዶቹን ለጠፉ።

ከሰዓት በኋላ የመርከቡ የእንግዶች ጉዳይ ኃላፊ ወይዘሮ ትብለጥን አስጠራቸው።

«ማዳም፣ ካርድ ማስቀመጥ የሚችለው ድርጅቱ ብቻ ነው።»

«እኔ ለባሕሩ ብዬ ነው» አሉ ወይዘሮ ትብለጥ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። «እናንተስ ለማን ብላችሁ ነው?»

ሰውየው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ስክሪኑም የዚያን ቀን «ለጥገና» ተብሎ ጠፋ፤ ተሳፋሪው አጨበጨበ። ሮሜል ግን ረዳት አላገኘም።

ስለዚህ በቀሩት ቀናት ወይዘሮ ትብለጥ በሩን ከውስጥ ቆልፈው ሮሜልን ወንበር ላይ ያስቀምጡትና ብርቱካን ይሰጡታል፤ አልጋውን ራሳቸው ያነጥፋሉ።

«እትዬ፣ ለዕረፍት እኮ ነው የመጣነው!» አለች ውብነሽ።

«እያረፍኩ ነው እንጂ! አለቃ የለብኝ» አሉና አንሶላውን አራገፉት።